የንባብ ውዝፍ እንዴት ይከፈላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በንባብ ክበብ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ ዕድል በተሰጠን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ተማክረን ነበር። ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንዳንናገር ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ መምህራን አሉ። ስለ አገራችን ስለ ላስታ ጥንታዊነት እንዳንናገርም አባቶቻችን ከፊታችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ በየቀኑ የምናየውንና የሚያስቸግረንን አንድ ነገር መረጥን። ይኸውም ጀምረን ስላልጨረስናቸው፣ ልናነባቸውም እየፈለግን ስላልደረስንባቸው የልብ ወለድ መጻሕፍት ነው።

ውዝፍ የሚለውን ቃል ወላጆቻችን በሚገባ ያውቁታል። በጊዜው ሳይከፈል የቀረ ግብር ውዝፍ ይባላል። የውዝፍ ክፋቱ ያንዱ ዓመት ዕዳ በሌላው ዓመት ዕዳ ላይ ሲደረብ፣ መክፈል የሚችለውን ሰው እንኳ ተስፋ ማስቆረጡ ነው። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አንድ ያልተነበበ መጽሐፍ ደስ የሚል ቀጠሮ ነው፤ ዐሥር ያልተነበቡ መጻሕፍት ግን እንደ ባለ ዕዳ ዓይን ዓይን ያያሉ። ሰው ሲያያቸው ያፍራል፤ ሲያፍርም ፊቱን ያዞራል፤ ፊቱን ሲያዞርም ንባቡን ጨርሶ ይተወዋል። በሩቅ ምሥራቅ ያሉት ጃፓኖች መጽሐፍ ሰብስቦ ሳያነቡ መከመርን «ጹንዶኩ» በሚል አንድ ቃል ይጠሩታል፤ ቃሉም ከሜጂ ዘመን፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1868 እስከ 1912 ከነበረው ዘመን የመጣ ነው ይባላል። እንግዲህ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት በእኛ አገር እንዴት የመጽሐፍ ውዝፍ ይኖራል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ወደ እኛ የሚመጣበትን መንገድ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። በአዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ሌላውን ፍለጋ ወደ መደብር ይሄዳል። ወደ እኛ ግን መጽሐፍ የሚመጣው እንደ ክረምት ዝናብ ባንድ ጊዜ ነው። በከተማ የሚማር ወንድም ለበዓል ሲመጣ አራት አምስት መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ደግ ሰው በካርቶን ሞልቶ ይልካል፤ ጓደኛም ከላሊበላ ተውሶ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ምንም አይመጣም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጥጋብና ረሀብ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ጥጋቡ በመጣ ጊዜ እንዴት እንደሚበላ ያላወቀ ሰው ረሀቡ በመጣ ጊዜ ባዶ እጁን ይገኛል። ዛሬ ደግሞ ብዙ መጽሐፍ በስልክ ላይ ስለሚነበብ፣ ውዝፉ በመደርደሪያ ሳይታይ በኪስ ውስጥ መቆለል ጀምሯል።

ከዚህም በላይ ዘመኑ በትውልዳችን ላይ የጨመረው ውዝፍ አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት በብዙ ስፍራ ትምህርት ተቋርጧል። በእነዚያ ጊዜያት ያልተነበበው ገጽ ሁሉ ዛሬ በጫንቃችን ላይ ነው። ስለዚህ የንባብን ውዝፍ እንዴት እንደምንከፍል መነጋገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን፣ የተወሰደብንን ነገር እንዴት እንደምናስመልስ መምከር ነው።

ለመሆኑ የሚጠብቁን እነማን ናቸው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውንና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ካሳተሙ ወዲህ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ጻፉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. «አርአያ»ን አሳተሙ። የሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። በ1962 ዓ.ም. ብቻ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታተሙ። ከእነርሱም በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙዎች ጽፈዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት የብዙዎቹን ስም በትምህርት ክፍል ሰምተናል፤ ስማቸውን የሰማናቸውን ሁሉ ግን አላነበብናቸውም። የመጽሐፍን ስም አውቆ መጽሐፉን አለማንበብ፣ ዘመድን በስም እያወቁ ቤቱን ሳይረግጡ እንደ መኖር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንምጣ። የተከመረ መጽሐፍ ያለው ሰው አንዱን እስከ መጨረሻው አንብቦ ወደ ሌላው ይለፍ? ወይስ ሁለት ሦስቱን ባንድነት ይጀምር? በክበባችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። አንድ በአንድ ይነበብ የሚሉት ጓደኞቻችን፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ያባቶች ተረት ይጠቅሳሉ። ሦስት ልብ ወለድ አብሮ የሚያነብ ሰው የአንዱን ጀግና በሌላው ቤት ይድረዋል፤ የአንዱን ለቅሶ በሌላው ሰርግ ላይ ያለቅሳል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ሰው በቀን ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር እየተነጋገረ ነገራቸውን እንደማያቀላቅል ሁሉ ከብዙ መጻሕፍትም ጋር መኖር ይችላል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ስላላቸው ነገሩን በሒሳብ መርምረን ነበር።

አንድ ተማሪ እያንዳንዳቸው 240 ገጽ ያላቸው አራት ልብ ወለዶች አሉት እንበል። በጠቅላላው 960 ገጽ ይሆናል። በቀን 24 ገጽ ቢያነብ በ40 ቀን ይጨርሳል። ይኸው ተማሪ አንድ በአንድ ቢያነብ የመጀመሪያውን በ10ኛው፣ ሁለተኛውን በ20ኛው፣ ሦስተኛውን በ30ኛው፣ አራተኛውን በ40ኛው ቀን ይፈጽማል። አራቱን ባንድነት ይዞ ከየአንዳንዳቸው በቀን ስድስት ስድስት ገጽ ቢያነብ ግን አራቱም የሚያልቁት በ40ኛው ቀን ነው። እንግዲህ መጻሕፍትን ማብዛት አንድ ገጽ እንኳ አይቀንስም፤ እንዲያውም የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመጨረስ ደስታ በ30 ቀን ያዘገያል። ብዙ መጽሐፍ መጀመርን እንደ ፈጣን መንገድ አድርጎ የሚያስብ ካለ፣ ሒሳቡ አይደግፈውም።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ አንድ ነገር ረስቷል፤ ይኸውም የሚያነበው ሰው መሆኑን ነው። ተማሪው ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብደዋል እንበል። ሰውየው ብዙ ነው፤ ቃሉ ጥልቅ ነው፤ ወይም የመጽሐፉ ሐዘን ለዚያ ሰሞን ልቡ አልተመቸም። መጽሐፉን ዘግቶ «ነገ» ይላል። ነገም «ከነገ ወዲያ» ይላል። እንዲህ እያለ 15 ቀን ቢያልፍ 40 የነበረው ቀን 55 ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን በ15 ቀን አያበቃም፤ መጽሐፉ ትራስ ሥር ገብቶ ዓመት ይቆያል፤ ከኋላው ያሉት ሁለቱም ተራቸው ሳይደርስ ይቀራሉ። በጠባብ መንገድ ላይ አንድ በቅሎ ሲቆም ከኋላው ያለው ጭነት ሁሉ እንደሚቆም መሆኑ ነው። ይህ ተማሪ ሁለተኛ መጽሐፍ በጎኑ ቢኖረው ግን፣ ከባዱ በከበደው ቀን ቀላሉን ያነባል፤ የዚያ ቀን 24 ገጽ አይጠፋም፤ ማንበብ የለመደ ዓይኑም አይሰንፍም።

እንግዲህ በክርክራችን የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፤ የንባብን ውዝፍ የሚያበዛው ቀስ ብሎ ማንበብ አይደለም፤ ሳይነበብ የሚያልፍ ቀን ነው። ሁለት ሦስት ልብ ወለድ አብሮ መያዝ የሚጠቅመውም ቀን እንዳይጓደል ሲረዳ ብቻ ነው። ለዚህ ካልሆነ በቀር፣ ብዙ መጽሐፍ ከፍቶ መተው ውዝፍን መክፈል ሳይሆን ውዝፍን መጨመር ነው።

የእኛን ኑሮ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት ያገኛል። ከመካከላችን ብዙዎች ከገጠር ቀበሌዎች መጥተን፣ በከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻችን ቤት በእግር እንወጣለን፤ እሑድ ዱቄቱንና ድርቆሹን ተሸክመን እንመለሳለን። በዚያ ዳገት ላይ ትልቅ መጽሐፍ ከስንቅ ጋር መሸከም ቀላል አይደለም፤ ዝናብ ቢያገኘውም ይበላሻል። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ በኪራይ ቤት፣ ሌላው በወላጆች ቤት ቢቀመጥ፣ የሰኞ እስከ ዓርብ ንባብና የቅዳሜና የእሑድ ንባብ በየቤቱ ይጠብቀናል። ከብት ጥበቃ ለሚውለው ደግሞ በኪስ የሚገባ ቀጭን መጽሐፍ ይበቃዋል። ለእኛ ብዙ መጽሐፍ አብሮ ማንበብ የቅንጦት ሳይሆን የመንገዳችን ርቀት ያመጣው ነገር ነው።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶቻችን እንደሚያውቁት፣ ተማሪው ቀን በመጽሐፍ ንባቡን እያጠና ሌሊት በጨለማ ከመምህሩ አፍ የቃል ትምህርቱን ይቀበል ነበር፤ ዛሬም በየደብሩ እንዲህ የሚማሩ አሉ። የቀኑ ሌላ፣ የሌሊቱ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ግን አልተጣሉም። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፤ ዳዊትም በየዕለቱ እንዲደገም ተመድቧል። ትልቁን ነገር በየቀኑ ከፍሎ መያዝ፣ ለእያንዳንዱም ሰዓት መስጠት የቆየ ጥበባችን ነው።

በደጃችን ያለውን የገነተ ማርያምን ቤተ ክርስቲያንም እንመልከት። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የታነጸው በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት (1262–1277 ዓ.ም.) እንደ ሆነ ይታመናል። በውስጡ በግድግዳውና በዐምዱ ላይ የቅዱሳንና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሥለዋል። ማንበብ የማያውቅ ምእመን እንኳ ዓይኑን ካንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያዞር ታሪኩን አያምታታም፤ እያንዳንዱን በመልኩ፣ በልብሱና በያዘው ነገር ይለየዋልና። ብዙ ታሪክ ባንድ ልብ ውስጥ ሊቀመጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ብቻ ያስፈልጋል።

ታሪክን ከፋፍሎ መቀበል ታሪኩን እንደማያጠፋም ከሬዲዮ ተምረናል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው፣ ሕዝቡ ያዳመጠው በክፍል በክፍል ነበር። ባንዱ ትረካና በሚቀጥለው መካከል አድማጩ አርሷል፣ ነግዷል፣ ሌላ ወሬ ሰምቷል። ሆኖም የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር አልረሳም፤ የጉዱ ካሣንም ንግግር ከጎረቤቱ ጋር እየተከራከረበት ሰንብቷል። ወላጆቻችን መካከል መጽሐፉን በዓይናቸው ሳያዩ ታሪኩን ከነመልኩ የሚነግሩን አሉ።

በውጭ አገርም እንዲህ ሆኗል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ አብዛኞቹን ልብ ወለዶቹን ያወጣው በየወሩ ወይም በየሳምንቱ እየከፈለ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 «ፒክዊክ ፔፐርስ» የተባለውን መጽሐፉን ሳይጨርስ «ኦሊቨር ትዊስት»ን ጀመረ፤ ለብዙ ወራትም ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፈ። አንደኛው የሚያስቅ፣ ሁለተኛው የአንድ ድሀ አደግ ልጅ መከራ ነበር። ደራሲው ሁለቱን ባንድ ዘመን መጻፍ ከቻለ፣ የዘመኑ አንባብያንም ሁለቱን ባንድ ዘመን ማንበብ ችለዋል።

ስለ ትውስታ የተደረገ አንድ የታወቀ ምርምርም እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 አሳተመ። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ ሲያጠና፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ድግግሞሽ፣ ባንድ ቀን ከተደረገ 68 ድግግሞሽ ጋር እኩል ጥቅም ሰጥቶት አገኘ። ይህ የተደረገው በቃል ጥናት ላይ እንጂ በልብ ወለድ ንባብ ላይ ስላልሆነ፣ ከሚገባው በላይ ልንለጥጠው አይገባም። ቢሆንም፣ ዕረፍትና ልዩነት የትውስታ ጠላት ናቸው የሚለውን ፍርሃት ያቀልልናል። ትናንት የተውነውን ታሪክ ዛሬ ስንቀጥል ያለፈውን ለማስታወስ የምናደርገው ጥረት ራሱ ታሪኩን ያጸናልናልና።

ጥያቄው እንግዲህ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው ጋር ይሂድ የሚለው ነው። የአገራችን ገበሬ ባቄላና አተር ቀላቅሎ ይዘራል፤ ባቄላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አተሩ ተደግፎት ይወጣል። ገበሬው ግን የተገኘውን ዘር ሁሉ ባንድ ማሳ አይበትንም። የመጻሕፍትም አዘራር እንዲሁ ነው። የጎጃምን ባላባትና ገባር ኑሮ ከሚያሳየው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር፣ የአዲስ አበባን የተማረ ወጣት ጭንቀት የሚያሳየው «ከአድማስ ባሻገር» አብሮ ሊነበብ ይችላል። ዘመኑ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ አነጋገሩ ሌላ ስለ ሆነ ፊታውራሪ መሸሻን ከአበራ ወርቁ ጋር የሚያምታታ አይኖርም። በአንጻሩ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ሁለቱም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ሆኑ፣ ባንድ ጊዜ የሚያነባቸው ሰው የአንዱን ደራሲ አሳብ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱን አስተያይቶ ለመጻፍ የፈለገ ተማሪ ግን ይህንኑ ሆን ብሎ ቢያደርገው መልካም ነው።

ተከታታይ ክፍል ያላቸውን መጻሕፍት ደግሞ በተራቸው እንጂ ባንድነት ማንበብ አይገባም። የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» ሦስት ክፍል ነው፤ የ1966ቱን የወሎ ረሀብና የአብዮቱን ዘመን ስለሚያነሣ ለእኛ ለወሎ ልጆች የቅርባችን ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የራሱን ቅደም ተከተል ይጠይቃል። እንደ «አደፍርስ» ያለውም በቃላቱና በአገባቡ ብዙ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ፣ አንባቢው ጸጥ ያለ ሰሞን አግኝቶ ብቻውን ቢያነበው ይመረጣል። ለሁሉም መጽሐፍ አንድ ደንብ የለም፤ አንዳንዱ እንግዳ ለብቻው መኝታ ይሻል።

ጉዳቱንም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። ብዙ መጽሐፍ አብሮ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጣዕም እየወደደ የመካከሉን ድካም ሊሸሽ ይችላል። የመጽሐፍ መጀመሪያ ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው፤ የደራሲው አሳብ ግን የሚበስለው ከመካከሉ ወዲያ ነው። ዐሥር መጽሐፍ ጀምሮ አንድ ያልጨረሰ ሰው ዐሥር ደጅ አንኳክቶ የማንንም ቤት ያልገባ መንገደኛ ይመስላል። ሌላው ጉዳት ውድድር ነው። «እኔ ይህን ያህል አነበብሁ» ለማለት ገጽ የሚቈጥር ሰው መጽሐፉን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያነበው።

ስለዚህ በክበባችን ተነጋግረን የሚከተለውን ሥርዐት አውጥተናል።

አንደኛ፤ ባንድ ጊዜ የሚያዙት ልብ ወለዶች ከሦስት አይበልጡም። ከሦስቱ አንዱ እስኪያልቅ አራተኛ አይጀመርም።

ሁለተኛ፤ ከሦስቱ አንዱ ባለቤት፣ የቀሩት ደባል ይሆናሉ። ከቀኑ ንባብ አብዛኛው ለባለቤቱ ነው፤ ደባሎቹ የሚነበቡት እርሱ ሲከብድ፣ ወይም እርሱ በሌለበት ቤት ስንሆን ነው። በዚህ ዓይነት ባለቤቱ ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑም አይጓደልም።

ሦስተኛ፤ ንባብ የሚቋረጠው በምዕራፍ መጨረሻ ነው። በምዕራፍ መካከል የተተወ ታሪክ ሲመለሱበት ያስቸግራል።

አራተኛ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በደብተር አንድ ገጽ ይመደባል። በዚያ ገጽ የሰዎቹ ስምና ዝምድና፣ የቆምንበት ምዕራፍ፣ የቀረን ጥያቄም በሁለት መስመር ይጻፋል። መጽሐፉን ከሳምንት በኋላ ስንከፍት በመጀመሪያ የምናነበው ይህንን ነው።

አምስተኛ፤ ሩቡ ድረስ ተነብቦ ያልተስማማ መጽሐፍ በግልጽ ለጊዜው ይተዋል፤ በደብተሩም «በሌላ ጊዜ» ተብሎ ይመዘገባል። ትራስ ሥር ደብቆ ማቆየት ክልክል ነው።

ስድስተኛ፤ የተዋስነው መጽሐፍ ሁልጊዜ ባለቤት ይሆናል፤ የራሳችን መጽሐፍ ደባል ይሁን።

ስለዚህ ስለ ስድስተኛው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን እርሱ ነውና። እኛ ባለንበት ስፍራ ብዙው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ሦስት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ይዞ ቢያዘገይ ሦስት ጓደኞቹን ከንባብ ይከለክላል። ቀደም ብለን ያየነው ሒሳብ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ አንድ በአንድ የተነበበው መጽሐፍ በ10ኛው ቀን ለሌላ ሰው ይደርሳል፤ አራቱን ባንድነት የያዘ ሰው ግን አራቱንም እስከ 40ኛው ቀን ያሥራል። የእኔ ውዝፍ ሲቃለል የጓደኛዬ ውዝፍ የሚከብድ ከሆነ ዕዳው ተላለፈ እንጂ አልተከፈለም። ስለዚህ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የጋራ መጽሐፍ እንዳይዝ እንለምናለን። የቀሩት ሁለቱ የራሱ ወይም የቤተ ሰቡ ይሁኑ። እንዲህ ሲሆን አንዱ «ከአድማስ ባሻገር»ን ሲመልስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ስለ መጽሐፉም የሚጨዋወቱ ሁለት ሰዎች ይገኛሉ።

መምህራኖቻችን፣ «ፈተና እያለባችሁ ስለ ልብ ወለድ ትናገራላችሁን?» ትሉን ይሆናል። የመማሪያ መጽሐፍ እንደሚቀድም እናውቃለን፤ ፈተናም የሕይወታችንን መንገድ የሚወስን ከባድ ነገር መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ያልለመደ ተማሪ በፈተና አዳራሽም ጥያቄውን ለመረዳት ይቸገራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ለፈተና የሚተርፍ የንባብ ጉልበት ይሰጣል እንጂ አይሻማም። በፈተና ሰሞን ደባሎቹ ይዘጉ፤ ባለቤቱም በቀን አምስት ገጽ ብቻ ይነበብ፤ ክሩ ግን አይበጠስ።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ከእናንተ የምንለምነው ትንሽ ነው። ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱን ጮክ ብለን ስናነብላችሁ አዳምጡን። መብራት በሌለበት ምሽት ኩራዙ ጥቂት ይቆይልን። በታሪኩ ውስጥ ስለ ገባርነት፣ ስለ ሽምግልና፣ ስለ ሰርግና ስለ ለቅሶ በሚነሣበት ቦታ እናንተ የምታውቁትን ንገሩን፤ በመጽሐፉ ያልተጻፈውን ከእናንተ እንሰማለንና። መጽሐፉ ለእናንተ አዲስ ወሬ፣ ለእኛ ደግሞ የእናንተን ወሬ የሚያስነሣ ይሆናል። ከሦስቱ መጻሕፍት ሳይጓደል የሚያልቀውም ይህ በቤት የሚነበበው ይመስለናል፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለውና።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ከእናንተ ደግሞ የምንለምነው ስንት መጽሐፍ እንዳነበብን ሳይሆን ካነበብነው ምን እንዳገኘን እንድትጠይቁን ነው። የመጽሐፍ መዋሻው መዝገብም ለሁሉ በሚታይ ቦታ ቢሰቀል፣ ማን የቱን እንደያዘና ማን ተራ እንደሚጠብቅ እናውቃለን።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ እናንተም ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትገቡ ያልተነበቡትን መጻሕፍት ሁሉ አውጥታችሁ ደርድሯቸው። በብዛታቸው አትደንግጡ። ከመካከላቸው አንድ ባለቤትና አንድ ደባል ምረጡ፤ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ካለ እርሱን አስቀድሙ፤ የቀሩትን ወደ ቦታቸው መልሱ። ከዚያም አንዱን ክፈቱና አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ነገም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ከሚመጣው የምሥረታ በዓል በፊት እያንዳንዳችን የምንጨርሳቸውን መጻሕፍት ስም በክበቡ ደብተር እንድንጽፍ፣ ያን ጊዜም ስለ ውዝፋችን ሳይሆን ስላነበብነው እንድንነጋገር ቀጠሮ እንያዝ።